12 ማዳበሪያ ቨርሚኮምፖስት ገዝቼ ወለንጪቲ ላይ ያየሁት

ቅድሚያ ስም አልጠራም። የቨርሚኮምፖስቱ፣ ማለትም በትል የሚብላላው ኮምፖስት፣ ሻጭ ቴሌግራም ላይ ነው ያለው፣ ከዛ በላይ አልልም፣ ምክንያቱም አንዱ ዙር በጣም አሪፍ ነበር ሌላው ዙር ደግሞ ቀሽም፣ እና እንደሱ አይነት ሻጭ አሁን በየቦታው ስላለ የምናገረው ነገር ለሌላውም ይሆናል። ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 3 እሰጠዋለሁ። ከ3ቱ አንዱ ለከረጢቱ ነው። ያው አማርኛችን መሬት ላይ የሚደረገውንም የሚያዝበትንም ከረጢት «ማዳበሪያ» ስለሚል አጎቴ ቀልድ አግኝተዋል፣ «ማዳበሪያው ውስጥ ካለው ማዳበሪያ ማዳበሪያው ይሻላል» ይላሉ፣ እስካሁን ማሽላ ይይዙበታል።

መሬቱ የሳቸው ነው፣ ወለንጪቲ፣ ከአዳማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ። አፈሩ ቀላልና አሸዋማ ነው፣ ውሃ ላይ ብትጥሉት የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ በየቦታው ያለበት፣ የድሮ እሳተ ገሞራ ትራፊ። ዝናቡ በዓመት ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁጥሩን ብቻ ስታዩት «ይሄማ ምን አለው» ትላላችሁ፣ ግን አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጣድፎ ነው የሚወርደው፣ መሬቱ ደግሞ ላዩ እንደ ቂጣ ተጋግሮ ስለሚጠብቀው ውሃው ከመግባት መንሸራተት ይቀለዋል፣ ወደ ቦረቦሩ ይወርዳል፣ በቃ። መስከረም ሲገባ ሰብሉ መጠውለግ ይጀምራል። ከቤቱ ጀርባ ያለችው አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ከሁሉም የባሰች ናት። ልጅ ሆኜ ቦሎቄ ተዘርቶባት አስታውሳለሁ፣ አሁን ግን ፍየል እንኳ አልፏት ነው የሚሄደው።

ለምን እንደዚ ሆነች ካላችሁ ግቢው ውስጥ አንድ ቀን መዋል ይበቃል። አገዳው ለማገዶ፣ ገለባው ለከብት፣ ከአጨዳ በኋላ የቀረውን ደግሞ የመንደሩ ከብት ተለቆበት ይግጠዋል፣ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። ከመሬቱ የሚወጣው ሁሉ ይወጣል፣ የሚመለስ የለም። በዛ ላይ ቆላ ስለሆነ ያለችዋም ብስባሽ ቶሎ ነው የምታልቀው፣ አፈር ውስጥ ያሉት ደቃቅ ነፍሳት ሙቀትና ትንሽ እርጥበት ካገኙ ጊዜ አይፈጁም። እበቱን ወደ መሬቱ እንመልሰው ብዬ ለእትዬ፣ ለአጎቴ ሚስት ማለቴ ነው፣ ሳማክራቸው «ኩበቴን በትነህ እንጀራውን በምን ልጋግርልህ?» አሉኝ። እኔ አዳማ በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እየበላሁ ለሳቸው ምን እመልሳለሁ? ስለዚ ከውጪ ገዝቼ ላስገባ አልኩ።

ቻናሉን ስታዩት በቃ ትማረካላችሁ። ጥቁር የለማ አፈር በእጅ ተይዞ፣ ቀያይ ትሎች ሲርመሰመሱ፣ ጎመኑ የጎልማሳ ቁመት ሲያክል። «1 ከረጢት 1 ኩንታል ዩሪያ ይተካል» የሚል ጽሑፍ በትልቁ፣ ከስር ደግሞ የደንበኛ ምስክርነት፣ ምስክሮቹን ገብቼ ሳያቸው አንዱ ራሱ ሻጩ ነው ሌላው ወንድሙ፣ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አሉ። የ50 ኪሎው ከረጢት 900 ብር። በ2016 ሚያዝያ ላይ 4 ከረጢት አዘዝኩ፣ በቴሌብር ከፈልኩ፣ በ3ኛው ቀን አይሱዙ ላይ ከሌላ ጭነት ጋር ተጭኖ ወለንጪቲ ደረሰ። ማድረስ ላይ እስከዛሬ ቅሬታ የለኝም፣ ሰዓቱን ያከብራሉ፣ ሹፌሩም ትሁት ነው፣ ከረጢቶቹን ራሱ ተሸክሞ ግቢ ድረስ አስገብቷል።

የመጀመሪያው ዙር እውነቴን ነው ግሩም ነበር። ከረጢቱን ስንፈታው ዝናብ የመጣ ቀን ያለው የአፈር ሽታ ነው ያለው፣ ሌላ ምንም። እንደ ደቃቅ የቡና አተላ ይፈረፈራል፣ ጨብጣችሁት ስትለቁት መዳፍ ላይ ቅርጹን ይይዝና በጣት ሲነካ ይበተናል። ገለባ የለበትም፣ ጠጠር በጣም ጥቂት። ትልም የለበትም፣ እና ይሄን ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው ከረጢቱ ውስጥ ትል ሲያይ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ይደሰታል፣ ትሉ ግን ሥራው ፋብሪካው ላይ ነው። ያ ቀዩ ትል፣ ኤይሴኒያ ፌቲዳ የሚሉት፣ ፍግና ብስባሽ ውስጥ የሚኖር ነው፣ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚመቸው፣ ከ35 ካለፈ ይሞታል፣ ወለንጪቲ ደረቅ መሬት ላይ ብትለቁት አንድ ቀንም አይቆይም። በደንብ የተነፋ ዕቃ ውስጥ ትል አይበዛም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። እኔ በሙያዬ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ሳልለካ አላምንም። አንድ ኪሎ ሙሉ መዝኜ ሳፋ ላይ ዘርግቼ ጣሪያ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመታሁት፣ ስመዝነው 540 ግራም። ማለት ከ50 ኪሎው ውስጥ 23 ኪሎው ውሃ ነው። ይሄ ማጭበርበር ነው አልልም፣ ትንሽ እርጥብ ካልሆነ ውስጡ ያለው ሕይወት ይሞታል፣ ግን የአይሱዙ ኪራይ ለውሃ ጭምር እንደምትከፍሉ እወቁ። ከረጢቱ ላይ «ናይትሮጅን 4 በመቶ» ይላል። የግብርና ባለሙያ ጓደኛ አለኝ፣ ስነግረው ሳቀ፣ ቨርሚኮምፖስት ባብዛኛው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፣ እሱም በደረቁ። 1.5 ብንለው እንኳን 27 ኪሎ ደረቅ ውስጥ 400 ግራም ናይትሮጅን ነው ያለው። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶ ስለሆነ የ50 ኪሎው ከረጢት 23 ኪሎ ይዟል። ስለዚ አንዱን የዩሪያ ከረጢት፣ ግማሽ ኩንታሉን ብቻ፣ ለመተካት 57 ከረጢት ሊያስፈልጋችሁ ነው፣ በዛ ላይ የኮምፖስቱ ናይትሮጅን የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁሉም አይለቀቅም። «1 ከረጢት 1 ኩንታል ይተካል» ያሉት ሰዎች ወይ ሂሳብ አያውቁም ወይ እኛ እንደማናውቅ እርግጠኛ ናቸው።

ናይትሮጅኑ ይቅር፣ እኔ የገዛሁት አፈሩ ውሃ እንዲይዝ ነው አልኩ። እሺ እሱንም እንየው። አንዷ ጥማድ 2,500 ካሬ ነው፣ የላይኛውን 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብንወስድ 500 ሜትር ኩብ፣ አንዱ ሜትር ኩብ 1.3 ቶን ገደማ ስለሚመዝን በ1.3 ስታበዙት 650 ቶን አፈር። ውሃ የሚይዘው ብስባሹ ነው፣ ብስባሹ ደግሞ የሚለካው በካርቦኑ ነው፣ እዛ ውስጥ ያለውን ካርቦን በ0.2 በመቶ ብቻ ከፍ ላርግ ብትሉ 1,300 ኪሎ ካርቦን ነው የሚፈለገው። እኔ በሁለቱ ዙር የገዛሁት 12 ከረጢት ውሃው ሲወጣ 320 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከሱ ውስጥ ካርቦኑ አንድ አምስተኛ ብንለው 65 ኪሎ። እሱም ቢሆን ከግማሽ በላዩ በጊዜ ብዛት ተበልቶ አየር ነው የሚሆነው። ይሄን ሂሳብ የሠራሁት ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ያዳነን ጉድጓዱ ነው። ያው ጓደኛዬ ነው የነገረኝ፣ ቡርኪና ፋሶ ሰሜኑ ላይ፣ ያቴንጋ የሚባል አካባቢ፣ ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ያገኙ፣ በ2023 መጨረሻ ነው ያረፉት። እኚህ ሰው በ1980ዎቹ ድርቅ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ እብድ ነው እያላቸው እንደ ድንጋይ የደረቀውን መሬት በበጋ በዶማ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርጉና እያንዳንዱ ውስጥ ፍግ ጣል እያደረጉ ዝናብ ሲመጣ ማሽላና ዳጉሳ መሰል እህል ይዘሩ ነበር። ዛይ ይባላል። ነገሩ የቆየ የሰፈራቸው ዘዴ ነው፣ እሳቸው ግን ጉድጓዱን ሰፋ ጠለቅ አድርገው ፍግ ጨመሩበት። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፣ ምስጡ መሬቱን ይበሳሳል፣ በቀዳዳው ውሃ ይገባል። እኛ ምስጥ ስናይ ኬሮሲን ነው የምናመጣው፣ እዛ ሠራተኛ ነው።

እኛም ግንቦት ላይ ጀመርን። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 15 ጥልቀት፣ በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ቀላል መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ያንን የተጋገረ መሬት ዶማው ሲያገኘው ይነጥራል፣ በመጀመሪያው ቀን 40 ጉድጓድ ቆፍሬ ማታ ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ እትዬ እየሳቁ አጎረሱኝ። አንድ ሄክታር በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ይፈጃል፣ ይሄን የማይነግራችሁ ሰው ቆፍሮ አያውቅም። ሁለት የቀን ሠራተኛ ጨምረን 1,300 ገደማ ጉድጓድ ወጣን፣ ጥማዷ ሲሶዋ እንኳን ተሸፈነች ማለት ነው። 650ዎቹ ላይ የከረጢቱን ቨርሚኮምፖስት፣ በጉድጓድ 300 ግራም፣ ሁለት እፍኝ ያህል። 4ቱ ከረጢት እዛው አለቀ፣ ለቤት አበባ ብዬ ካስቀረኋት አንድ ፌስታል በስተቀር። 500ው ላይ ከበረቱ ጥግ የተጠራቀመ የፍየልና የበግ በጠጥ፣ በነፃ። የቀሩት 150 ላይ ምንም፣ ባዶ ጉድጓድ። ከጎን ደግሞ አጎቴ እንደ ወትሮው በማረሻ ያረሱት ንጣፍ አለ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናብ ሲጥል ማሽላ ዘራን። እዚ ጋ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ባዶው ጉድጓድ ራሱ ከታረሰው ሜዳ የበለጠ ነበር። ቡቃያው አንድ ሳምንት ዝናብ ሲቆም ሜዳው ላይ ያለው እንደ ሲጋራ ሲጠቀለል ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ምክንያቱም ውሃው የሚሄድበት ስለሌለው እዛው ነው የሰረገው። ከባዶው ጉድጓድ ደግሞ ፍግ ወይ ኮምፖስት ያለበት በግልጽ ይበልጣል፣ ቅጠሉ ጠቆር ያለ፣ አገዳው ወፈር ያለ። የ900 ብሩ ከረጢትና የፍየሉ በጠጥስ? እውነቱን ልናገር፣ ሐምሌ ላይ የከረጢቱ ቀደም ብሎ ነበር፣ ቶሎ አረንጓዴ ሆነ። ኅዳር ላይ ስናጭድ ግን አጎቴ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻሉም፣ እኔም ምልክት ያደረግኩበት ካስማ ባይኖር አልለይም ነበር። ለዚህ ነው 3 ኮከብ። ዕቃው መጥፎ አይደለም፣ ግን በረቱ ውስጥ ያለውን በገንዘብ ገዛሁት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የተናደድኩት። የመጀመሪያውን ቡቃያ አይቼ ሞቅ ብሎኝ ሐምሌ ላይ 8 ከረጢት አዘዝኩ፣ ለጤፍ። ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አጎቴ ተቀበሉና 3ቱን ወዲያው በተኑት። ቅዳሜ ሄጄ የቀሩትን 5ቱን ስፈታ ኮምጣጣ ሽታ፣ እንደ ከረመ ሊጥ፣ እጄን ክንዴ ድረስ ሳስገባ ለብ ይላል፣ ሳወጣው ያልበሰበሰ ገለባና ሰጋቱራ ተለጥፎብኝ ወጣ። ትሉም አለ፣ ሲርመሰመስ፣ ለፎቶ ይሆናል። ነገሩ ግልጽ ነው፣ ክረምት ገብቶ ገበያው ሲደራ ሳይበስል ከረጢት ውስጥ አስገብተውታል። ኮምፖስቱ የተበተነበት ቦታ ጤፉ በሁለት ሳምንት ቢጫ ሆነ። ያልበሰለ ገለባና ሰጋቱራ አፈር ውስጥ ሲገባ ደቃቅ ነፍሳቱ እሱን ለማፍረስ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፣ ከየት ያመጣሉ፣ ከጤፉ ጉሮሮ ነው የሚነጥቁት። አጎቴ ዩሪያ ጣል አድርገው ነው ያተረፏት። ማዳበሪያ ገዝቼ ለማዳበሪያው ማዳበሪያ አስገዛኋቸው ማለት ነው። ከዛ ነሐሴ ላይ አንድ ከባድ ዝናብ መጣና ላይ ላዩን የተበተነውን የቀረ ነገር ጠራርጎ ቦዩ ውስጥ ከመረው፣ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ በማግስቱ በአካፋ ስንሰበስብ ነበር። ተዳፋት ላይ የሚበትን ሰው ካለ ይሄን ያስብበት፣ ወይ ጉድጓድ ውስጥ ወይ ማረሻ ስር ይግባ።

ለሻጩ ፎቶና ቪዲዮ ላኩለት። መጀመሪያ «ብሮ ኦርጋኒክ ነገር እኮ ነው ትንሽ ይሸታል» አለኝ። የመጀመሪያው አይሸትም ነበር ስለው ሁለት ቀን ጠፋ። ከዛ «በሚቀጥለው ትእዛዝ 10 በመቶ እቀንስልሃለሁ» አለ። ወንድሜ፣ የተበላሸ ሸጠህልኝ ደግሜ እንድገዛህ ነው የምትቀጣኝ? ስጨቃጨቅ ቆይቼ በሦስተኛው ሳምንት 2 ከረጢት ቀየረልኝ፣ እነሱም ደህና ነበሩ። የምርት ቀን ከረጢቱ ላይ አለመጻፉ ነው ትልቁ ጉድለት። ዳቦ ላይ ቀን ይጻፋል፣ ጁስ ላይ ይጻፋል፣ መቼ ተከምሮ መቼ እንደተነፋ የሚናገር አንዲት ቁጥር ቢኖር ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ የለም።

አሁን ደግሞ ከዚ ሁሉ ያተረፍኩትን ልንገራችሁ፣ የ10 ብር ላብራቶሪ። ኮምፖስት መብሰል አለመብሰሉን ውጪ አገር ላብ ውስጥ የሚፈትኑት በምን ዘር እንደሆነ ታውቃላችሁ? በፌጦ! እቺው የኛው ፌጦ፣ ለሆድ ቁርጠት የምትወቀጠው። ቶሎ ስለምትበቅልና መርዝ ነገር ሲነካት ወዲያው ስለምታሳብቅ ነው። ጓደኛዬ ሲነግረኝ ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ለአስር እጅ ውሃ ቀላቅላችሁ አንድ ሰዓት ካቆያችሁት በኋላ በነጠላ ቁራጭ ታጠሉታላችሁ። ሁለት ሰሃን ላይ ጥጥ ታነጥፋላችሁ፣ አንዱን በዛ ውሃ አንዱን በንጹህ ውሃ ታርሳላችሁ፣ እያንዳንዱ ላይ 25 ፌጦ ቆጥራችሁ ትበትኑና ጨለማ ቦታ ትከድኑታላችሁ። በ3ኛው ቀን ቁጠሩ፣ ብቻ መቁጠር አይደለም ሥሩንም እዩት፣ ነጭና ረጅም ነው ወይስ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል?

የኔ ውጤት ይኸውላችሁ። በንጹህ ውሃ 24። ከመጀመሪያው ዙር ለአበባ ካስቀረኋት ፌስታል 23፣ ሥሩ እንደውም ከውሃው ይረዝማል። ከሁለተኛው ዙር 9፣ አብዛኛው ሥሩ ጫፉ የተቃጠለ። ሰሃኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ስልክለት ነው እኮ ሁለቱን ከረጢት የቀየረልኝ፣ ከዛ በፊት ወሬ ብቻ ነበር። የቀሩትን 3 መጥፎ ከረጢቶች አልጣልኳቸውም፣ ግራር ስር ዘርግፈን ውሃ እያርከፈከፍን በየሳምንቱ እያገላበጥን በጆንያ ሸፍነን አቆየናቸው፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስፈትነው 22 በቀለ። ስለዚ ያልበሰለ ከደረሳችሁ አትደናገጡ፣ ጊዜ ነው የሚፈልገው፣ ግን ያንን ጊዜ ሻጩ ነበር መጠበቅ የነበረበት፣ ከፍለነዋል።

በዚሁ የዶሮ ኩስም ሞክሬ ነበር፣ ደብረ ዘይት አካባቢ ካሉ ዶሮ እርባታዎች በርካሽ ይገኛል። ፌጦው ላይ ከ25 2 ነው የበቀለው። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ አሞኒያ ነው። ናይትሮጅኑ ከሁሉም ይበልጣል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ትኩሱን ከተጠቀማችሁት ቡቃያ ያቃጥላል፣ ጨውም አለበት። ዝናብ ብዙ በሆነበት አገር ጨው ታጥቦ ይሄዳል፣ እኛ ጋ ግን ውሃው ተንኖ ጨዉ አፈሩ ላይ ይቀራል። ወደ መተሐራ ወረድ ስትሉ አዋሽ ዳር በመስኖ ብዛት ነጭ የለበሰ መሬት ታያላችሁ አይደል፣ ያንን በገዛ ገንዘቤ ጓሮዬ ላይ አላመጣም። ሦስት አራት ወር ከገለባ ጋር ከስላችሁ፣ ማለቴ ከምራችሁ አብስላችሁ ከሆነ ግን ለሽንኩርት የሚስተካከለው የለም ይላሉ የሚያውቁት። ባዮቻር የሚሉትንም፣ ለአፈር ተብሎ ከተክል ትራፊ የሚከሰል ከሰል ነው፣ ሰው ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር። እሱ ጅማና ወለጋ አካባቢ ላለው አሲዳማ አፈር ነው ይበልጥ የሚሆነው፣ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ማለትም አሲዱን ስለሚቀንስ፣ የኛ አፈር ግን አሲድ ችግሩ አይደለም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብኝ ተውኩት።

አንድ ቅሬታ ረስቼ፣ አረም። በ2017 ክረምት የከረጢቱ ኮምፖስት የገባባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ቅንጨ አረም በቀለ፣ በጠጡ ያለበት ላይ ግን የለም። ተራ ኮምፖስት ሲከመር ውስጡ በደንብ ስለሚግል የአረም ዘር ይሞታል፣ የትል ኮምፖስት ግን ትሉ እንዳይሞት ሲባል ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚ ትሉ ከመግባቱ በፊት ቀድሞ ካልተከመረና ካልጋለ ዘሩ በሕይወት ይመጣል። ጠይቁ፣ «ትል ከማስገባታችሁ በፊት ስንት ቀን ትከምራላችሁ» በሉ። የኔው ሻጭ «እሱማ እንደ ሁኔታው ነው» ነው ያለኝ። አጎቴ ሲነቅሉ እጃቸው ሳምንት ሙሉ አሳከካቸው፣ እኔን ግን አንድም ቃል አልተናገሩኝም፣ ያ ነው የባሰው።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለጓሮ አትክልት፣ ለበረንዳ አበባ፣ ለፍራፍሬ ጉድጓድ ግዙት፣ አንድ ከረጢት ብዙ ነው፣ ጥራቱም ያስደስታል። የተራቆተ መሬት ላድን ብላችሁ በሄክታር አትግዙት፣ ቤታችሁን ሸጣችሁም አይበቃም። እዛ ላይ ብዛት ነው የሚሠራው፣ ብዛት ደግሞ የሚገኘው ግቢ ውስጥ ነው። ትግራይ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነ ሱ ኤድዋርድስና ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የሚባሉት የዕፅዋት ሳይንቲስቶች ከገበሬው ጋር በኮምፖስት ሲሠሩ ገበሬው ራሱ ነው የከመረው፣ ከረጢት የገዛ የለም። ኮንሶም እርከኑ ብቻ አይደለም ምስጢሩ፣ ከብቱን ግቢ ውስጥ አስረው ይቀልቡና ፍጉን ተሸክመው እርሻ ያደርሳሉ። ዩሪያና ኤንፒኤሱንም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበትን የፋብሪካ ማዳበሪያ) ሙሉ በሙሉ አትተዉት፣ ትንሽ ብስባሽ ከትንሽ ማዳበሪያ ጋር ከሁለቱ ለብቻ ከሆነው ይሻላል፣ እኛ ዘንድሮ እንደዛ ነው ያደረግነው።

እትዬ ጋ ደግሞ ስምምነት ላይ ደርሰናል። ቁጠባ ምድጃ ገዛሁላቸው፣ ኩበቱ ግማሽ ያህል ተረፈ፣ የተረፈው ወደ ጉድጓድ ይሄዳል፣ ምድጃው ከ2 ከረጢት ቨርሚኮምፖስት ያነሰ ነው የፈጀብኝ። አገዳውንም ዘንድሮ እስከ ጉልበት ድረስ አስቀርተን ነው ያጨድነው፣ የጎረቤት ከብት እንዳይገባ እሾህ አጥረን፣ ለዚህ አጎቴ ከሁለት ጎረቤት ጋር ተኮራርፈዋል፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ጉድጓዱ አሁን 2,100 ደርሷል።

ትናንት ለሻጩ ደወልኩለት፣ ከረጢቱ 1,250 ገብቷል። ለቃሪያና ለቲማቲም ችግኝ 2 አዝዣለሁ፣ የምርት ቀን ጻፍልኝ ብዬው በእስክርቢቶ ከረጢቱ ላይ ጽፎ ልኳል፣ ዓመተ ምሕረቱን ረስቶ። ፌጦው ሰሃን ላይ ነው፣ ሐሙስ እቆጥራለሁ፣ ከ20 በታች ከሆነ ኮከቡን ወደ 2 አወርደዋለሁ።